የጠመመ ፊት ሁሉ ነፋስ የመታው አይደለም

የምንሠራበት ክፍለ ከተማ በስሙ ነፋስን የተሸከመ ነው። ንፋስ ስልክ መባሉም ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደው የራዲዮ መልእክት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ ለአዲሱ መሣሪያ ካወጣለት ስም የተነሣ ነው። ይህ ስም ደግ ስም ነው፤ ማንንም አልጐዳም። ነገር ግን ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ከለቡ እስከ መካኒሳ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን የጠመመ ሰው በታየ ቍጥር ጐረቤቱም ዘመዱም፣ አንዳንድ ጊዜም ነጭ ጋዋን የለበስነው እኛው ራሳችን፣ «ነፋስ መትቶት ነው» ብለን ነገሩን ስንዘጋው እንገኛለን። በዚህ ወር የምንሟገተው ከዚህች አነጋገር ጋር ነው።

ሙግቱን ከመጀመራችን በፊት ግን የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። በውጭ አገር ትምህርታችንን ፈጽመን በተመለስንበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ሳለን፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ወደ እኛ መጡ። የግራ ዐይናቸው በደንብ አይከደንም፤ ውሃ ሲጠጡም በግራ ከንፈራቸው ጥግ ይንጠባጠባል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን መጠየቃችንን እናስታውሳለን፤ መልሱን መስማታችንን ግን አናስታውስም። ወረፋው ረዥም ነበር፤ ዕውቀታችንም ገና ትኩስ ስለ ነበረ ነገሩ ሁሉ ፈጥኖ የገባን ይመስለን ነበር። መድኃኒት ጻፍንላቸውና «በጥቂት ሳምንት ይተውዎታል» ብለን ሸኘናቸው።

መምህርቷ ከዐሥር ወር በኋላ ተመለሱ። ግንባራቸው በግራ በኩል አይሸበሸብም፤ ጕንጫቸው አልፎ አልፎ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ በግራ ጆሮአቸውም የተማሪዎቻቸውን ድምፅ እንደ ቀድሞው አይሰሙም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንደ እናት ትክ ብለው አዩንና «ልጄ፣ አንተም ነፋስ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉን። ከዚህ የበለጠ አንዲት የቍጣ ቃል አልጨመሩም። ቢጨምሩ ይሻለን ነበር።

በዚያን ቀን መጀመሪያ ልናደርገው ይገባን የነበረውን አደረግን፤ ከቦርሳቸው የቀበሌ መታወቂያቸውን እንዲያወጡልን ለመንናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በተነሡት በዚያ ፎቶግራፍ ፊታቸው በቀኝም በግራም እኩል ነበር። በማግሥቱ ልጃቸው ሌሎች ሁለት ፎቶግራፎች ይዞ መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል ከመምህራኑ ጋር በተነሡት ላይ የፈገግታቸው ግራ ወገን በጥቂቱ አጥሮ ይታያል፤ ከአንድ ዓመት በፊት በእኅቱ ሠርግ በተነሡት ላይ ደግሞ የግራ ዐይናቸው ከቀኙ ሰፍቶ ይታያል። እንግዲህ ሕመሙ በአንድ ሌሊት የመጣ ሳይሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ የተራመደ ነበር። ምስክሩም ቦርሳቸው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀን ኖሯል።

ይህ ልዩነት ለምን ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት የነርቩን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከራስ ቅል ነርቮች በተራው ሰባተኛው ነው፤ በቀኝና በግራ አንድ አንድ አለን። ከአንጎል ግንድ ይነሣና ከመስሚያው ነርቭ ጋር ጐን ለጐን ሆኖ ወደ ጆሮ ዐጥንት ይገባል፤ በዐጥንቱ ውስጥ 3 ሳንቲሜትር ያህል በጠባብ ቦይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ከጆሮ ሥር ይወጣል፤ ከዚያም በምራቅ ዕጢው መካከል አልፎ በ5 ቅርንጫፍ ወደ ግንባር፣ ወደ ዐይን፣ ወደ ጕንጭ፣ ወደ ታችኛው ከንፈርና ወደ አንገት ይከፋፈላል። በዚሁ መንገድ ከፊተኛው የምላስ ክፍል ጣዕም ይመጣል፤ ለዕንባም ትእዛዝ ይተላለፋል። ቦዩ እጅግ በጠበበበት ስፍራ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አንባቢ ይህን ጥበት እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ የነገሩ ሁሉ ምክንያት እርሱ ነውና። በሜዳ ላይ ቢሆን ማንንም የማይጐዳ ትንሽ እብጠት፣ በዚህ ቦይ ውስጥ ሲሆን የሰውን ፈገግታ ይወስዳል።

ሕዝባችን ነፋስ የሚለው ሕመም በእርግጥ አለ። በሐኪሞች ዘንድ የሚጠራው በስኮትላንዳዊው ቻርልስ ቤል ስም ነው፤ ቤል ስለ ፊት ነርቭ የጻፈውን ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1821 ነበር። ሰውየው ማታ ደኅና ተኝቶ ጧት ሲነሣ ፊቱ ጠምሞ ይገኛል፤ ወይም ድካሙ ቢበዛ በሦስት ቀን ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። ነርቩ በዚያ ጠባብ ቦይ ውስጥ ያብጥና ራሱን በራሱ ያንቃል፤ መነሻውም ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ከመስኮት የገባ ብርድ አይደለም። በዴንማርክ ያለ መድኃኒት ክትትል የተደረገላቸው 1,701 ሕሙማን ታሪክ በ2002 ታትሞ ነበር፤ ከእነርሱ 71 ከመቶው ፊታቸው ፈጽሞ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ለ85 ከመቶው እንቅስቃሴው መመለስ የጀመረው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲሆን፣ ለቀሩትም ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ጀምሯል። ስለዚህ ዳማከሴ የታሸ ሰውም ይድናል፤ ያልታሸም ይድናል፤ ምስጋናውን ግን ዳማከሴ ይወስዳል። እኛ በቅጠሉ ላይ ቂም የለንም፤ መዓዛው ደስ ይላል። የሚያሳዝነን በእርሱ ምክንያት የሚባክኑት ሦስት ቀኖች ናቸው። በስኮትላንድ በ551 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2007 በወጣው ጥናት፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ከጀመሩት መካከል ከዘጠኝ ወር በኋላ 94 ከመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ድነው ተገኝተዋል፤ ካልወሰዱት ግን 82 ከመቶ ያህሉ። መድኃኒቱ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን ሊያስቸግር ስለሚችል ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ተገዝቶ የሚዋጥ አይደለም፤ የጤና ባለሙያ ያዝዘው።

ፊት ጠምሞ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበትም ከተሳሰረ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ የአንጎል የደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ግንባር ብዙውን ጊዜ መሸብሸቡን አይተውም፤ ምክንያቱም የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ይቀበላል።

አሁን ወደ ቀስተኛው ፊት እንመለስ። በሳምንታትና በወራት እየደከመ የሚሄድ ፊት፤ አራት ወር አልፎት ምንም እንቅስቃሴ ያልተመለሰለት ፊት፤ በአንዱ ጐን ብቻ እየተመላለሰ የሚይዝ ድካም፤ ከድካሙ ጋር የጕንጭ መንቀጥቀጥ ወይም የመስማት መቀነስ የታየበት ፊት፦ እነዚህ ሁሉ ነፋስ አይደሉም። የፊት ነርቭ ከሚደክምባቸው ሰዎች ከመቶ 5 ያህሉ ሕመማቸው ከዕጢ የመጣ እንደ ሆነ የሕክምና መጻሕፍት ይናገራሉ። (ቋንቋችን የምራቅ አመንጪውንም አካል፣ በሽታ ሆኖ የበቀለውንም እብጠት «ዕጢ» ስለሚላቸው አንባቢ እንዳይደናገር እንጠይቃለን።) ከእነዚህ ዕጢዎች መካከል ከነርቩ ከራሱ የሚበቅሉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ነቀርሳ አይደሉም። ዋነኛው የሚነሣው ነርቩን እንደ ሽቦ ልባስ ከሚሸፍኑት ሕዋሳት ነው። ሕዋሳቱን የመረመራቸው ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን ስለ ነበረ ዕጢው «ሽቫኖማ» ይባላል። ሁለተኛው የደቃቅ ደም ሥሮች ጥቅል ነው፤ ይህኛው በመጠኑ ትንሽ ሳለ እንኳ ፊትን አብዝቶ ያደክማል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚገኙት ነርቩ በዐጥንቱ ውስጥ በሚታጠፍበት፣ የአካል ሊቃውንት «ጕልበት» ብለው በሰየሙት ስፍራ ነው።

ጽሑፉን ለማተም በተሰበሰብንበት ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባችን «ታይፎይድና ተቅማጥ ባልጠፋበት ሰፈር፣ በሺሕ የሚቈጠር ሰው አይቶት ስለማያውቀው በሽታ ገጽ መጨረስ ምን ይጠቅማል?» ሲል ተከራክሮን ነበር። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ንጹሕ ውሃ ከኤም አር አይ ይቀድማልና። ሆኖም እኛ የምንለምነው መሣሪያ አይደለም፤ አንዲት ጥያቄ ነው። «ፊትዎ እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀ?» የሚለው ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም። ያቺው ጥያቄ ደግሞ ከብርቅዬው ዕጢ በቀር ሌሎች ብዙ ነገሮችን ትይዛለች። ጆሮው ዓመት ሙሉ መግል እያፈሰሰ ዝም የተባለ ተማሪ ፊቱ መድከም ከጀመረ፣ በሽታው ዐጥንቱን በልቶ ነርቩ ላይ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ልጅ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። ከጆሮ ሥር ጠንካራ እብጠት ኖሮበት ፊቱ የደከመ ሰው የምራቅ ዕጢ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል፤ ክፉ ያልሆነ እብጠት በዚያ ስፍራ ፊትን የሚያደክመው አልፎ አልፎ ብቻ ነውና። የዐይኑ ሽፋን ቀስ በቀስ መከደን ያቃተው፣ በቆዳውም ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ያለበት ሰው የሥጋ ደዌ ሊሆንበት ይችላል። ለዚህ ሕመም ከክፍለ ከተማችን ብዙም ሳይርቅ በዘነበ ወርቅ የሚገኘው፣ ማሠልጠኛነቱ በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት አለ። በጆሮው ዙሪያ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ፊቱ የጠመመም አለ፤ እርሱም ፈጥኖ መታከም ይገባዋል። ባልደረባችን ይህን ሰምቶ ገጹን ፈቀደልን።

ወደ መምህርቷ ጕዳይ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው የአንጎል ምስላቸው «ጤናማ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። እዚህ ላይ ሐኪሞችንም መምህራንንም አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ ዕጢ በአንጎል ጠቅላላ ምስል ላይ በቀላሉ ይታለፋል። ጠያቂው በወረቀቱ ላይ «ቀስ በቀስ የደከመ የግራ ፊት፤ ነርቩ ከአንጎል ግንድ እስከ ምራቅ ዕጢው ድረስ በቀጭን ቍራጭ፣ በደም ሥር በሚሰጥ ማድመቂያ ይታይልን» ብሎ መጻፍ አለበት። የጆሮ ዐጥንት ሲቲ ስካንም ቦዩ መስፋቱን ያሳያል። ማድመቂያው በነፋሱም ሕመም ነርቩን ሊያደምቀው ስለሚችል፣ መድመቁ ብቻ ዕጢ ነው አያሰኝም፤ ነርቩ ወፍሮ፣ ዐጥንቱም ተገፍቶ መታየት ይገባዋል። ጥያቄው እንዲህ ተደርጎ በድጋሚ ሲጻፍ በመምህርቷ የነርቭ «ጕልበት» ላይ ከባቄላ ፍሬ ያነሰች ዕጢ ተገኘች። ብዙ ሰው ቀጥሎ የሚጠብቀው በመርፌ ናሙና መውሰድን ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን መርፌው ራሱ የሚሠራውን ነርቭ ሊገድል ስለሚችል ሐኪሞች ከምስሉ ቅርጽ መፍረድን ይመርጣሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ቤተ ሰቡ በጭራሽ አልጠበቀውም። ልዩ ሐኪሞቹ «አሁን አንነካትም፤ እንከታተላታለን» አሉ። የመምህርቷ ልጅ ተቈጥቶ «ዕጢ አገኘን ብላችሁ እንዴት ትታችሁ ትቀመጣላችሁ?» ሲል ወደ እኛ መጣ። ቍጣው የፍቅር ቍጣ ስለ ነበረ ቍጭ ብለን በቀስታ አስረዳነው። ዕጢውና ነርቩ ተጣብቀው የበቀሉ በመሆናቸው ዕጢውን ጨርሶ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ነርቩን መቍረጥ ነው። የተቈረጠው ከአንገት ወይም ከእግር በተወሰደ ሌላ ነርቭ ይቀጠላል፤ ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ እንቅስቃሴ እስኪመለስ ብዙ ወራት ያልፋሉ። የሚመለሰውም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሐኪሞች የፊትን ድካም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለኩበት ስድስት ደረጃ ያለው መስፈሪያ አለ፤ አንደኛው ጤነኛ ፊት፣ ስድስተኛው ምንም የማይንቀሳቀስ ፊት ነው። ነርቩ ተቀጥሎ የሚገኘው ጥሩ የሚባለው ውጤት ሦስተኛው ደረጃ ነው፦ ዐይን በጥረት ይከደናል፤ ፊት በዕረፍት ጊዜ እኩል ይመስላል፤ በሣቅ ጊዜ ግን ጕድለቱ ይታወቃል። እናቱ በዚያን ጊዜ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው እጅግ ቢሳካ የሚሰጣቸው ያላቸውን ያህል ነበር። ወጣቱ ይህን ሲሰማ ረዥም ጊዜ ዝም አለ።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ዝም ይባላል ማለት አይደለም። ፊት ወደ አራተኛው ደረጃና ከዚያ በታች ከወረደ፣ ዕጢው የመስሚያውን አካል ከበላ፣ ወይም ወደ አንጎል ግንድ ከገፋ ቀዶ ሕክምና ጊዜው ደርሷል። አንዳንድ ሐኪሞች ዕጢውን ሳይነኩ በዙሪያው ያለውን ዐጥንት ከፍተው ለነርቩ ስፍራ ይሰጡታል። በአንድ ነጥብ ላይ የሚያተኵር ጨረርም አለ፤ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው የሌክሴል መሣሪያ በስቶክሆልም የተጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዕጢው እንዳያድግ ይገታዋል እንጂ አያወጣውም። በሌላ ወገን ደግሞ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ከሞተ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የቈየ ሰው ጡንቻው ስለሚሟሽሽ ነርቭ ቢቀጠልለትም እምብዛም አይጠቀምም። የዘገየ ምርመራ የሚያመጣው ጕዳት ይህ ነው፤ ዕጢው ሰውን ባይገድልም የመምረጡን ዕድል ይገድለዋል። በዐሥር ወራችን ስንፍና ምክንያት መምህርቷ ከሁለተኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው ወርደው ይሆናል ብለን እናስባለን፤ ይህን አሳባቸውንም ጠይቀናቸው አናውቅም።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩት የአንገት በላይ እና የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናን በአገር ውስጥ የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ለዚህ ሙያ ወደ ውጭ ይኬድ ነበር። ከጤና ጣቢያ በመላኪያ ወረቀት ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ጥቍር አንበሳ ወዳሉት መሄድ ይቻላል። መንገዱ ረዥምና አሰልቺ መሆኑን አንክድም። ወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ወርና ዓመት ከተጻፈበት ግን መንገዱ በጥቂቱ ያጥራል፤ «የፊት ድካም» ብቻ ከተባለ ሕመምተኛው በየበሩ «ነፋስ ነው» እየተባለ ይመለሳል።

በመጠባበቂያው ጊዜ ሁሉ ዐይን መጠበቅ አለበት። የማይከደን ዐይን ይደርቃል፤ የደረቀም ይቈስላል፤ የቈሰለም ሊታወር ይችላል። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ዕንባ፣ ማታ ማታ የዐይን ቅባት ማድረግ፣ ሲተኙም ሽፋኑን በስሱ ፕላስተር ማሰር፣ በአቧራና በነፋስ ጊዜ መነጽር ማድረግ ይገባል። (ነፋስ በመጨረሻ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው እዚህ ላይ ብቻ ነው።) ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የማኘኪያውን ጡንቻ ክፍል ወደ ዐይን ሽፋን በማዛወር የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ዐይኑ ከናካቴው መከደን ላቃተው ለሌላውም ሰው ያገለግላል። ፊትን በጋለ ብረት መተኰስ ወይም አጥብቆ ማሸት ግን ዕጢ አያጠፋም፤ ጠባሳ ይጨምራል እንጂ።

መምህራን በየቀኑ አርባና ኀምሳ ፊት የምታዩ ናችሁ፤ እኛ በጤና ጣቢያ አንድን ፊት የምናየው ለአምስት ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ ሲሥቅ አፉ ወደ አንድ ወገን መሳብ ከጀመረ፣ ወላጁን ስትጠሩ ያለፈውን ዓመት የተማሪ ፎቶግራፍ ከመዝገቡ አውጥታችሁ ጐን ለጐን አሳዩት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሲልኩት ፎቶግራፉን ይዞ ይምጣ። የሥራ ባልደረባችሁም እንደዚሁ። ብዙ ሰው የራሱን ፊት መለወጥ የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ነው፤ በመስተዋት ፊት ማንም የሚቆመው ዕለት በዕለት ነውና ዝግታውን አያየውም።

የመምህርቷ ምስል ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። ዕጢዋ በመጠኗ እንዳለች ናት። እርሳቸውም የማስተማር ሥራቸውን አልተዉም፤ በቀኝ ጆሮአቸው በደንብ እንዲሰሙ ጠረጴዛቸውን ወደ ክፍሉ ግራ ጥግ አዛውረውታል። አራተኛው ምስል የሚነሣው በመጪው መጋቢት ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ጕርድ ፎቶግራፍ ይዘው እንዲመጡ ነግረናቸዋል።